የኦፒዮይድ ካሳ ገንዘብ ምንድን ነው? ለምንስ ይውላል?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2022 ባሉት ዓመታት ከመጠን በላይ በተወሰደ ኦፒዮይድ ምክንያት ከ700,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ኦፒዮይድ የሚባሉት ሐኪም ከሚያዛቸው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች አንሥቶ ሄሮይንንና ፌንታኒልን የሚያጠቃልሉ፣ ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶችና ዕፆች ናቸው። ግዛቶች፣ ካውንቲዎችና ከተሞች አምራቾችን፣ አከፋፋዮችንና ትልልቅ ፋርማሲዎችን ለዚህ ጥፋት ተጠያቂ አድርገው ከሰሱ፤ የካሳ ገንዘብ የሚባለውም ኩባንያዎቹ ክሱን በስምምነት ለመዝጋት ሊከፍሉ የተስማሙት፣ በድምሩ ከ50 ቢሊዮን ዶላር የሚያልፍ ገንዘብ ነው።

ክፍያው በአንድ ጊዜ የሚጠናቀቅ አይደለም። በ2021 ይፋ በሆነው ስምምነት ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን የተባሉት አከፋፋዮች እስከ 21 ቢሊዮን ዶላር በ18 ዓመት ውስጥ እንዲከፍሉ፣ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ደግሞ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 85 በመቶው ቀውሱን ለማቃለል መዋል አለበት። ይህ ገደብ የተቀመጠው በ1998 ከትምባሆ ኩባንያዎች የተገኘው ካሳ በአብዛኛው ለሌላ የመንግሥት ወጪ ስለዋለ፣ ያ እንዳይደገም ነው።

ከተፈቀዱት ወጪዎች መካከል የሱስ አምሮትን በሚያስታግሱት ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን በተባሉ መድኃኒቶች የሚሰጥ ሕክምና፣ የእስረኞች ሕክምና፣ ሱስ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮችና ለሚወልዷቸው ሕፃናት የሚደረግ እንክብካቤ ይገኙበታል። ናሎክሶንም አለ፤ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ሲሆን፣ ኦፒዮይድ አፍኖት ትንፋሹ የቆመን ሰው በጊዜው ከደረሰለት በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልሰው ይችላል። በእኔ እምነት ከዝርዝሩ ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው ይህ ነው።

ችግሩ ዝርዝሩ ሰፊ፣ ቁጥጥሩም ልል መሆኑ ነው። የኒው ጀርሲ ግዛት የሒሳብ ተቆጣጣሪ በ2025 ባወጣው ሪፖርት ኧርቪንግተን የተባለችው ከተማ ከ600,000 ዶላር በላይ የካሳ ገንዘብ ለሁለት የሙዚቃ ድግሶች፣ የፈንዲሻ ማሽን ኪራይን ጨምሮ፣ ማዋሏን ገልጿል፤ ከተማዋ ድግሶቹ የግንዛቤ ማስጨበጫ ነበሩ ስትል ተከራክራለች። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዓይን ውስጥ የማይገባው ሌላ መንገድ ነው፦ አንድ ካውንቲ ለሱስ ሕክምና ከራሱ በጀት ይመድብ የነበረውን ገንዘብ ቀንሶ ክፍተቱን በካሳው ሲሸፍን፣ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ሕጋዊ ይመስላል፤ ለታማሚው ግን አንድም አዲስ አልጋ አይጨመርለትም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ቨርጂኒያ ገንዘቡ በሦስት ይከፈላል፦ 15 በመቶው ለግዛቱ፣ 30 በመቶው በቀጥታ ለካውንቲዎችና ለከተሞች፣ የቀረው 55 በመቶ ደግሞ ለዚሁ ሥራ በ2021 ለተቋቋመው የኦፒዮይድ ቅነሳ ባለሥልጣን። ስለዚህ የአሌክሳንድሪያ ወይም የፌርፋክስ ነዋሪ «በካሳው ምን አዲስ አገልግሎት ተጀመረ? ከነባሩ በጀትስ ምን ያህል ተቀነሰ?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ከሁሉ አስቀድሞ እዚያው ከተማው ወይም ካውንቲው በጀቱን ለሕዝብ ውይይት በሚያቀርብበት ስብሰባ ላይ ነው።