ተርንአራውንድ ዴይ ምንድን ነው? ሁለት የክሩዝ ጉዞ በተከታታይ ለተያዘላቸው የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች

ተርንአራውንድ ዴይ (የመለዋወጫ ቀን) የክሩዝ፣ ማለትም የሽርሽር፣ መርከብ አንዱን ጉዞ ጨርሳ ሌላውን የምትጀምርበት ቀን ነው። መርከቧ ንጋት ላይ ወደብ ትገባለች፣ ያመጣችውን መንገደኛ ታወርዳለች፣ ትጸዳለች፣ ስንቋን ትሞላለች፣ አዲስ መንገደኛ ትጭናለች፣ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ተመልሳ ትወጣለች።

ለአብዛኛው ተጓዥ ይህ ቀን ወይ የመነሻው ወይ የመመለሻው ቀን ስለሆነ አያስቸግርም። ግራ የሚያጋባው ሁለት ጉዞ አከታትሎ ለያዘ ሰው ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አሜሪካ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ልጆቹ እናት አባታቸውን ሲጋብዙ «የአሥራ አራት ቀን የመርከብ ሽርሽር» የሚሉት ብዙ ጊዜ ሁለት የሰባት ሰባት ቀን ጉዞ ነው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ካሪቢያን፣ ሌላው ወደ ምዕራብ። የከፈሉት ልጆች ልዩነቱን ያውቁታል። ወላጆች ግን የሚያውቁት በስምንተኛው ቀን ጠዋት፣ የጎረቤት ክፍሎች ሁሉ ተከፍተው፣ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሲወጣ፣ እነሱም «ውረዱ» ሲባሉ ነው። ቋንቋውን ለማያውቅ ትልቅ ሰው ይህ ያስደነግጣል። አስቀድሞ ቢነገረው ኖሮ አይደነግጥም ነበር፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ደሴ መናኸሪያ የገባ አውቶቡስ ለወልድያ መንገደኛ እንደሚጭነው ያለ ነው። እርስዎ ወልድያ ድረስ ቢሄዱና ወንበርዎ ያው ቢሆንም ትኬቱ ሌላ ነው፣ የመንገደኛው ስም ዝርዝርም ሌላ ነው። በመርከብም እንዲሁ፣ አልጋዎ ያው ሆኖ ጉዞው በሕግ ፊት አዲስ ነው። የዚያን ቀን የሚገጥምዎ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ሰዓቱ በየወደቡ ቢለያይም መልኩ ተመሳሳይ ነው። በእኛ አቆጣጠር መርከቧ ንጋት 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ትታሰራለች። መንገደኛው ከ1 ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ወርዶ ያልቃል። አዲሶቹ ከ5 ሰዓት ወዲህ ይገባሉ፤ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ጉዞ ይጀመራል። ክፍልዎ የሚቀመጠው ወረቀት ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ጠዋት 7፡00 ካለ የእኛ 1 ሰዓት ነው። ይህን ስድስት ሰዓት ማዛነፍ በዚህ ቀን ቀጠሮ ያሳልፋል።

የሥራው ብዛት ከላይ ለተቀመጠ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከማያሚ መጓዝ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለች መርከብ ስትሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ ሠራተኞቿ 2,350 ናቸው። ያን ሁሉ ሕዝብ ከነሻንጣው አውርዶ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ለመጫን ያለው አንድ ቀን ነው። በዚያው መሐል ቆሻሻው ይወርዳል፣ የሳምንት ምግብ ይገባል፣ የየክፍሉ አንሶላና ፎጣ ይለወጣል፤ ውሉን የጨረሰ ሠራተኛ ወርዶ አዲሱ የሚተካውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ቀን ነው። ለክፍል አጽጂዎች ከሳምንቱ ሁሉ ከባዱ ቀን ነው። አልጋዎን የሚያነጥፈው ወጣት ለወራት ከአገሩ ርቆ የሚሠራ የሰው ልጅ ነው፤ እኛ ወሎዬዎች፣ ልጆቻችን በየአረብ አገሩ የሚሠሩ፣ ይህን ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገንም። የዚያን ቀን ክፍሉ ቢዘገይ ይታገሡት።

እርስዎስ ክፍልዎ እያለ ለምን ይወርዳሉ? በአሜሪካ ወደቦች ከውጭ አገር የገባ መንገደኛ ሁሉ በድንበር ጠባቂዎች መታየት አለበት። አዲስ መንገደኛ ከመግባቱ በፊትም የቀድሞው ጉዞ መንገደኛ ቁጥር ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል። ስለዚህ ቀጣይ ተጓዦችም አብረው ይወርዳሉ። በዋዜማው የት እንደሚሰበሰቡ የሚናገር ደብዳቤ ክፍልዎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ቲያትር ቤቱ ወይም አንዱ ሳሎን ነው። «ኢን ትራንዚት» (ቀጣይ ተጓዥ እንደማለት) የሚል ካርድ ይሰጥዎታል። ሠራተኛ እየመራ ወደ ተርሚናሉ ያወርድዎታል፣ ፓስፖርትዎ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የመጨረሻው መንገደኛ መውረዱ ሲረጋገጥ ከአዲሶቹ ቀድመው ይገባሉ። የሚዘገየው አንድ ሰው እንቅልፍ ጥሎት ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ነው። በሜዲትራኒያን ወደቦች ግን ብዙ ጊዜ መውረድ ግዴታ አይሆንም። ኤምኤስሲና ኮስታን የመሳሰሉ ኩባንያዎች እዚያ በየወደቡ መንገደኛ ስለሚጭኑ ለሁሉም አንድ የሆነ የመለዋወጫ ቀን የላቸውም።

ሲወርዱ ፓስፖርት፣ የየዕለት መድኃኒትና መነጽር ከእጅ አይለዩ። ከመርከቧ ማዕድ ሙዝ ወይም ብርቱካን በቦርሳ ይዞ መውረድ ግን አይሆንም። የእናቶቻችን እጅ ለመንገድ የሚሆን ነገር ሳይዝ አይወጣም፤ የአሜሪካ ድንበር ላይ ግን ያልተገለጸ ፍራፍሬና ሥጋ ሊያስቀጣ ይችላል።

ለሁለቱም ጉዞ ክፍሉ አንድ ከሆነ ዕቃዎ እንዳለ ይቆያል። በዋዜማው ማታ ሁሉም ሰው ሻንጣውን በር ላይ ሲያወጣ አይተው የእርስዎን እንዳያወጡ፤ ካወጡት ተርሚናል ይወርዳል። ክፍሉ የሚለወጥ ከሆነ ጠቅልለው ያስቀምጡና የክፍሉን ሠራተኛ ያነጋግሩ፤ የተሰቀለውን ልብስ ብዙ ጊዜ እንደተሰቀለ ያደርሱታል። የቀድሞው ሳምንት ሒሳብ ይዘጋል፣ አዲስ ይከፈታል፣ የበር ካርዱም ይለወጣል። ለመጀመሪያው ጉዞ የተገዛ ኢንተርኔት ያበቃል። የጾም ወይም የሐላል ምግብ ጥያቄ ለመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሁለተኛውም ለብቻው ይነገር። የቡና ነገር ከተነሣ፣ ከሰል፣ ዕጣንና የኤሌክትሪክ ምድጃ በእሳት አደጋ ምክንያት መርከብ ላይ የተከለከሉ ናቸው፤ ረከቦቱ ቤት ይቆይ።

የአደጋ ጊዜ ልምምዱም ይደገማል። «ባለፈው ሳምንት ሠርተነዋል» ማለት አይረዳም፤ መደገሙም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች የክሩዝ መርከብ ጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተጋጭታ 32 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያው ዕለት ከቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት ገና ልምምዱን አልሠሩም ነበር። በኋላ ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሽሎ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ልምምዱ መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ወይም እንደተነሣች ወዲያው እንዲሆን ተደርጓል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ግን የቪዛውን ጉዳይ ነው። ወላጆች በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የሚጓዙት፣ ቪዛው ስንት ጊዜ መግባት እንደሚፈቅድ ደሴ ሳሉ ይታይ። መርከቧ ወደ ባሃማስ ወይም ሜክሲኮ ሄዳ ስትመለስ አሜሪካ እንደገና መግባት ነው። የአውሮፓ ሸንገን ቪዛም እንደዚያው፤ ከባርሴሎና ወጥቶ ቱኒዚያን ነክቶ መመለስ አዲስ መግቢያ ይቆጠራል። አንድ በአንድ ይቁጠሩት። በአውሮፕላን ሲገቡ አንድ፣ በመለዋወጫው ቀን ሁለት፣ ሁለተኛው ጉዞ ሲያልቅ ሦስት። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እንኳ ላይበቃ ይችላል፤ የሚያስተማምነው ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ነው። የቪዛው ማብቂያም ከመጨረሻው መመለሻ ቀን ማለፍ አለበት። በመንገድ የሚነኩት አገሮች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ የሁለቱም ጉዞ ወደቦች ለየብቻ ይጣሩ።

ትኬት የሚቆርጡ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ ሌላም ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ በሚሠራው የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ የያዘች መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አንሥታ በሌላ የአሜሪካ ወደብ እንዳታወርድ ገደብ አለ። ትልልቆቹ ክሩዞች በብዛት የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የማልታ ባንዲራ ያላቸው ናቸው። ከአሜሪካዋ ሲያትል ተነሥቶ ካናዳ ቫንኩቨር የሚያልቅ ጉዞ ብቻውን ችግር የለበትም፤ ከቫንኩቨር ሎስ አንጀለስ የሚሄደውም እንዲሁ። ሁለቱን በአንዲት መርከብ ማከታተል ግን ከሲያትል ሎስ አንጀለስ እንደመጫን ስለሚቆጠር ኩባንያው ሊሰርዘው ይችላል።

ልጆቹ አብረው የማይጓዙ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ «ሁለት ጉዞ በተከታታይ ይዘናል፣ ወርደን እንመለሳለን» የሚል አንድ ወረቀት ከክፍል ቁጥሩና ከልጅ ስልክ ጋር ጽፈው ለወላጆች በፓስፖርቱ ውስጥ ያኑሩላቸው። ጉልበት የሚያም ሰው ካለ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር በዋዜማው ከእንግዳ መቀበያው ይጠየቅ፤ ጠዋት ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ስለሚፈልገው ወረፋው ረጅም ነው።