የሳንቲም ስብስብ በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ

የተፈጥሮ አደጋ የሳንቲም ስብስብን ጨርሶ የሚያጠፋው ከስንት አንዴ ነው። ቤት ሲቃጠል ወይም በጎርፍ ሲዋጥ መጻሕፍት፣ ሥዕሎችና ልብሶች ይጠፋሉ፤ ሳንቲም ግን ከፍርስራሹ ሥር ተለቅሞ ይወጣል። ይሁን እንጂ የሰብሳቢ ሳንቲም ዋጋው በብረቱ ክብደት አይደለም። ዋጋው ያለው ለዓይን በማይታይ ስስ ገጽታው ላይ፣ ከየት እንደመጣ በሚናገረው ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ከሌሎቹም ጋር በተቀመጠበት ሥርዓት ላይ ነው። አደጋ የሚመታው እነዚህን ሦስቱን ነው። በተጨማሪም ከጉዳቱ ብዙው የሚደርሰው እሳቱ ከጠፋ ወይም ውሃው ከሸሸ በኋላ፣ ባለቤቱ ሳንቲሙን «ላጽዳ» ብሎ ጨርቅ ሲያነሣ ነው።

እሳት

ንጹሕ ወርቅ በ1064፣ ንጹሕ ብር በ962፣ መዳብ በ1085፣ ኒኬል በ1455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። እሳት ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረው ክፍል ከ600 እስከ 1000 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይግላል። እነዚህን ቁጥሮች ብቻ ያየ ሰው «ወርቁም ብሩም ይተርፋል» ብሎ ሊጽናና ይችላል። ነገር ግን አብዛኛው ሳንቲም የሚመታው ከቅይጥ ነው። ብርና መዳብ ሲቀየጡ ከሁለቱም ባነሰ ሙቀት፣ በ779 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራሉ። ከሺህ 900 እጁ ብር የሆነው የአሜሪካው ሞርጋን ዶላርም፣ ጠገራ ብር እየተባለ የሚታወቀውና ከሺህ 833 እጁ ብር የሆነው የማሪያ ቴሬዛ ታለርም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። ዚንክማ በ420 ዲግሪ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት የአሜሪካ የአንድ ሳንቲም ዝርዝሮች ውስጣቸው ዚንክ፣ ላያቸው ስስ መዳብ ስለሆነ ከእሳት የሚወጡት አብጠውና ፈንድተው ነው።

ይህም ሆኖ የሙቀት ዋናው ጉዳት ማቅለጥ አይደለም። አዲስ ሳንቲም ሲመታ ብረቱ በማተሚያው ግፊት ከመሐል ወደ ጠርዝ እየተገፋ በዓይን የማይለዩ መስመሮች ይተዋል። ሳንቲሙን ስናዘነብለው የሚሽከረከር የሚመስለው ወዝ ከእነዚህ መስመሮች የሚነሣ ነው። ሙቀት ከመቅለጫው እጅግ ባነሰ ደረጃ ይህን ወዝ ይገድለዋል። መዳብ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቀይና ጥቁር ሽፋን ያወጣል፤ ቅይጥ ብር ውስጥ ያለው መዳብም ገጹን ያጠቁረዋል። አንድ አሥረኛው መዳብ የሆነ የወርቅ ሳንቲም እንኳ ሊቀላና ሊደበዝዝ ይችላል። አንዴ የሞተ ወዝ በምንም መድኃኒት አይመለስም።

አልፎ አልፎ ተቃራኒው ይሆናል። በ79 በጣሊያን የቬሱቪዮስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በቦስኮሪያሌ አንድ የገጠር ቪላ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ተቀብረው ቀሩ። በ1895 ሲወጡ ብዙዎቹ ቀይና ሐምራዊ ቀለም ለብሰው ተገኙ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ይህን ቀለም እንደ ጌጥ ይቆጥሩታል፤ ለዚያውም ተጨማሪ ዋጋ ይከፍሉበታል። ከዚህ ተነሥቶ የቤት ቃጠሎም እንዲህ ያስውባል ብሎ ተስፋ ማድረግ ግን ከንቱ ነው።

ብዙ ጊዜ ከእሳቱ የሚከፋው ማስቀመጫው ነው። ፒቪሲ የተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ ሲግል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት ጠንካራ ግልጽ ማቀፊያ ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ከዚያ ተጣሞ በሳንቲሙ ገጽ ላይ ይጣበቃል። ፖሊስተር የተሻለ ይታገሣል፤ የሚቀልጠው ወደ 250 ዲግሪ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካዝና ያለውን የተሳሳተ እምነት ማንሣት ይገባል። የአንድ ሰዓት የእሳት መከላከያ ያለው ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ ካዝና ለወረቀት የተሠራ ነው። ፈተናው ውጪው ወደ 927 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ከ177 ዲግሪ እንዳያልፍ ይጠይቃል። ወረቀት ይህን ይችላል፤ የፕላስቲክ ማቀፊያ አይችልም። በዚያ ላይ የካዝናው ግድግዳ ሙቀት የሚመክተው በውስጡ ያመቀውን ውሃ እንፋሎት አድርጎ በመልቀቅ ስለሆነ ሳንቲሙ በቃጠሎው ሰዓት ይቀቀላል። ያው ግድግዳ በሰላሙም ጊዜ ውስጡን እርጥብ ያደርገዋልና ሲሊካ ጄል የተባለውን እርጥበት መጣጭ ያላስቀመጠ ሰው የብር ሳንቲሙ ያለ ምንም አደጋ ሲጠቁር ያያል። ለሳንቲም የሚስማማው ለኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጫ የተሠራው ዓይነት ሲሆን ውስጡን ከ52 ዲግሪ በታች ይይዛል፤ ግን ውድና ከባድ ነው። ለሌባ መከላከያ ብቻ የተሠራ ስስ የብረት ካዝና ደግሞ እሳት ውስጥ ከምጣድ አይሻልም።

ከቃጠሎ በኋላ ካዝናን ቶሎ መክፈት ስሕተት ነው። ውስጡ የጋለና አየር የራበው ስለሆነ በሩ ሲከፈት የሚገባው አየር ወረቀቱን ድንገት ሊያቀጣጥለው ይችላል። በሚያዝያ 1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በተከተለው እሳት ስትወድም ባንኮች ካዝናዎቻቸው እስኪቀዘቅዙ ለቀናት የጠበቁት ለዚህ ነበር። በዚያው ቃጠሎ የከተማዋ የሳንቲም ማምረቻ ሕንፃ ተረፈ። ኃላፊው ፍራንክ ሊች፣ ሠራተኞቹና ወታደሮች ከግቢው ጉድጓድ ውሃ እየሳቡ ለሰዓታት ታግለዋል፤ ውስጡ የነበረው ገንዘብና ወርቅ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ግንቡ ወፍራም መሆኑ ረድቷል፤ ወሳኙ ግን ከከተማው ቧንቧ ውጪ የራሱ ውሃ የነበረው መሆኑ ነው።

ውሃ

ንጹሕ ውሃ ለአጭር ጊዜ የነካው ወርቅ ምንም አይሆንም። ብር ከሰልፈር ጋር ካልተገናኘ ጥቂት ይታገሣል። መዳብ፣ ነሐስ፣ ዚንክና ብረት ግን በሰዓታት ውስጥ መለወጥ ይጀምራሉ። የጎርፍ ውሃ ደግሞ ንጹሕ አይደለም፤ ፍሳሽ፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ደለል ይዞ ይመጣል፤ ከባሕር የመጣ ከሆነ ጨው አለበት። የተለያዩ ብረቶች በእርጥብ ከረጢት ውስጥ ተነካክተው ከቆዩ በመካከላቸው እንደ ባትሪ ጅረት ይፈጠርና ደካማው ብረት ይበላል።

ከሁሉ የሚፈራው የነሐስ በሽታ የሚባለው ነው። የጨው ክሎራይድ ወደ መዳቡ ሠርጎ ከገባ እርጥበትና አየር ባገኘ ቁጥር አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ተጨማሪ መዳብ ይበላል፤ ክሎራይዱም አያልቅምና ዑደቱ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል። ምልክቱ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው። ጠንካራና ለስላሳ የሆነው የጥንት ሳንቲም አረንጓዴ ሽፋን ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱን መፋቅ ዋጋ መፋቅ ነው። የታመመ ሳንቲም ከ35 በመቶ በታች በሆነ አንጻራዊ እርጥበት ከተቀመጠ በሽታው ይተኛል፤ ክሎራይዱን ማውጣት ግን ሳምንታትና ወራት የሚወስድ የባለሙያ ሥራ ነው።

ባሕር በወርቅና በብር መካከል የሚያደርገውን አድልዎ ሁለት አውሎ ነፋሶች አሳይተዋል። በመስከረም 1857 ኤስኤስ ሴንትራል አሜሪካ የተባለችው መርከብ ከካሊፎርኒያ የመጣ ወርቅ ጭና በካሮላይና ጠረፍ ፊት ለፊት ሰጠመች፤ 425 ሰዎች ሞቱ። ከ2000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የነበረው ወርቅ በ1988 ሲገኝ ብዙዎቹ ባለ 20 ዶላር ሳንቲሞች ገና ከማተሚያ የወጡ ይመስሉ ነበር። በ1715 ክረምት በፍሎሪዳ ጠረፍ ከሰጠሙት የስፔን መርከቦች የወጣው ብር ግን ብዙው ጠቁሮ፣ ተበልቶና እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው የተገኘው።

የባንክ የአደራ ሣጥንም ከውሃ አያድንም። ክፍሎቹ ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ናቸው፤ በሮቹ ለሌባና ለእሳት እንጂ ለጎርፍ አልተሠሩም። በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ በኒው ኦርሊንስ አካባቢ የአደራ ሣጥኖች በውሃ ተሞልተዋል። በካዝና በር ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ማሸጊያም የሚያብጠው በሙቀት ነው፤ ውሃ ሲመጣ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በሣጥን ውስጥም ሆነ በካዝና ውስጥ ሳንቲሙ ጎማ ማሸጊያ ባለው ሌላ ውሃ የማያስገባ ሣጥን ውስጥ መግባት አለበት።

ጎርፍ «ወደ ላይ ፎቅ አውጣው» ይላል፤ እሳት «ወደ ታች አውርደው» ይላል፣ ወለል ሲቃጠል ካዝናው ይወድቃልና። ሁለቱን የሚያስታርቅ ቦታ የለም። በሚኖሩበት ስፍራ ይበልጥ የሚመጣውን አደጋ መርጦ ከስብስቡ ውድ የሆነውን ክፍል ሌላ አካባቢ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

መንቀጥቀጥና አመድ

የመሬት መንቀጥቀጥ ሳንቲምን እምብዛም አይጎዳም። ማቀፊያ ይሰነጠቃል፣ ከመሳቢያ የወጡት እርስ በርስ እየተፋጩ ይጫጫራሉ፤ ከዚህ የሚብሰው መደባለቃቸው ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከብርና ከወርቅ የጠነከረ የተፈጨ መስታወት ነው፣ ላዩም አሲድ አለበት። በጣት ማበስ በአሸዋ ወረቀት ከመፈግፈግ አይለይም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወርቁ ነው፤ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ተቃራኒው ነው። ብረት፣ ዚንክ፣ መዳብና ነሐስ ይቀድማሉ፤ ብር ይከተላል፤ ወርቅ ሊጠብቅ ይችላል። ከሁሉ በፊት ያለበትን ሁኔታ ሳይነኩ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል፤ መድን ሰጪው የሚጠይቀው ይህን ነው። የጎርፍ ውሃ ተበክሏልና የናይትሪል ጓንት መልበስም ግድ ነው።

ጭቃ የያዘው ሳንቲም ጨርቅ በተነጠፈበት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ተደርጎ በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ ደለሉ ይታጠባል፤ አይታሽም፣ ብሩሽም አይነካውም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ማለቂያው በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ መሆን አለበት፤ ውሃውን ሦስት ጊዜ እየለወጡ መዘፍዘፍ ጥሩ ነው። ከዚያ አሴቶን የተባለው ማሟሟያ ፈሳሽ ንጹሕ ሆኖ ባለበት የመስታወት ዕቃ ለጥቂት ደቂቃ ይጠመቃል። አሴቶን ውሃን፣ ቅባትንና የፒቪሲን ዝቃጭ ያወጣል፤ ብረቱን አይነካም። እንደ ጧፍ ስለሚቀጣጠል ግን አየር ባለበት፣ እሳት በሌለበት ይሠራል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ዘይት ስላለበት አይተካውም። በመጨረሻ በጥጥ ጨርቅ ላይ አኑሮ መጫን ብቻ ነው፤ ቢያንስ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ከሲሊካ ጄል ጋር ይታሸጋል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙናና የብር ማጽጃ ፈሳሽ የተረፈውን ወዝ ይጨርሱታል። ለዓመታት ባሕር ውስጥ የቆየ ሳንቲም ከሆነ ደግሞ ማድረቁ ራሱ ጥፋት ነው፤ ባለሙያ እጅ እስኪገባ በውሃ ውስጥ ይቆያል።

ጥቀርሻ ቅባትና አሲድ የያዘ ስለሆነ በጨርቅ ከተጠረገ ወደ ገጹ ይሰምጣል። እሱንም በአሴቶን አለስልሶ መልቀቅ ይሻላል። የጋለ ሳንቲም ላይ ውሃ አይፈስስም።

ውሃ የገባበትን የደረጃ ማቀፊያ አሴቶን ሊነካው አይገባም፤ ፕላስቲኩ ይሟሟል። ማቀፊያውን የምስክር ቁጥሩ በሚነበብበት አኳኋን ፎቶ አንሥቶ ወደ ድርጅቱ መላክ ይመረጣል። የገባው የባሕር ውሃ ከሆነና መላክ ካልተቻለ ግን ሰብሮ ሳንቲሙን ማዳን ግድ ይሆናል፤ መለያ ወረቀቱ ከሳንቲሙ አይለይ። የካርቶን አልበም በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ስለሚችል ሳንቲሞቹን አውጥቶ አልበሙን መጣል ነው። የቆዩ ኤንቨሎፖችና የግዢ ወረቀቶች ግን አይጣሉም፤ በፕላስቲክ ከረጢት ተደርገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀዘቅዙ ለማድረቅ ጊዜ ይገኛል።

መዝገብና መድን

የተለመደው የቤት መድን ውል ለሳንቲምና ለገንዘብ የሚሰጠው ካሳ በትንሽ ጣሪያ የተገደበ ነው፤ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጪ ናቸው። የባንክ ተቀማጭ ዋስትና የአደራ ሣጥንን አይሸፍንም። ስብስቡን ለብቻው የሚሸፍን ውል መግባት ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ያለ መዝገብ ዋጋ የለውም። ጥሩ መዝገብ የሁለቱን ገጽ ፎቶ፣ እስከ 0.01 ግራም የተመዘነ ክብደት፣ ስፋት፣ የምስክር ቁጥርና የግዢ ማስረጃ ይይዛል፤ ቅጂውም ከሳንቲሙ ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥም።

ክብደቱ በተለይ ከቃጠሎ በኋላ ይጠቅማል። ፍርስራሹ ከመጠረጉ በፊት ካዝናው ወይም መሳቢያው የነበረበት ወለል በገመድ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ አመዱ እየተነሣ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል፤ አመዱ መርዛማ ሊሆን ስለሚችል የአፍ ጭምብል ሳያደርጉ አይሠራም። ሙሉ ሳንቲም በዚህ ወንፊት አያልፍም። ከየክፍሉ የተገኘው ለየብቻው ይታሸጋል፤ የቀለጠ እብጠትም ሲገኝ ተመዝኖ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። 26.73 ግራም የሆኑ አራት የብር ዶላሮች ከነበሩበት ማዕዘን የወጣ ወደ 107 ግራም የሚጠጋ ጉብታ እነማን እንደነበሩ በመጠኑ ይናገራል።