የአባት ጠመንጃ በጣና ዳር፦ የጎደለውን ስለ ማሟላት

በጎጃምና በጣና ዳር ጠመንጃ በስሙ ነው የሚጠራው። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ አልቢን፣ ሰናድር፣ ቤልጅግ። በፉከራም በሙሾም ስለምንሰማቸው የኛው ቃላት ይመስሉናል እንጂ ሁሉም ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ስም የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ለበን እ.ኤ.አ. የ1886ቱ የፈረንሳይ ለቤል ነው። ሰናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጣ ስም ነው። ቤልጅግ በአገሩ ስም ቀርቷል፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከቤልጅየም የተገዛው ማውዘር ነው።

ከዐድዋ በፊት በንግድ የገባው አለ፤ በዐድዋ የተማረከው አለ። ከዚያ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ባሕር ዳር ደረሰ። በ1933 ሲወጣ ደግሞ ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠመንጃ በብዛት በአርበኛው እጅ ቀረ። ስለዚህ የአያት ውጅግራና የአባት ካርካኖ በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ብታዩ አይግረማችሁ።

አሁን ግን ሙሉ የሆነው ጥቂት ነው። የአንዱ ቃታ፣ ማለትም ጥይቱን አጉርሶ ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ጠፍቷል። የሌላው ማነጣጠሪያ ተነቅሏል። መወልወያ ዘንጉና የማንገቻ ቀለበቱማ መጀመሪያ የሚጠፉ ናቸው። ውጅግራና ለበን ላይ የቃታው ራስ ለብቻው የሚወልቅ ዕቃ ነው፤ ለጽዳት ወልቆ በዚያው የቀረው ቀላል አይደለም። ካርካኖ ላይ ደግሞ ስድስቱን ጥይት አቅፎ የሚይዘው ስስ ብረት አለ። የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ይኸው ብረት ከካዝናው በታች ባለው ቀዳዳ በራሱ ይወድቃል። መሬት ከወደቀ በኋላ ማን ያነሣዋል?

አንድ ቤት ያየሁትን ካርካኖ ልንገራችሁ። የሰደፉ አንገት ተሰንጥቋል። ባለሙያው እንጨቱን አልለወጠውም። እርጥብ የበሬ ቆዳ ጠቅልሎ፣ ከታች በኩል በጠፍር ሰፍቶታል። ቆዳው ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት አንቆ ይዞታል። በጣቴ ስነካው ስፌቱ ከሰው እጅ ብዛት ልሟል። በርሜሉ ላይ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን በሮማ ቁጥር አሥራ አምስት ተቀርጿል። የፋሽስቱ መንግሥት የራሱ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 1929 ገደማ ይሆናል። አንዱ ጎኑ የወራሪውን ዘመን ይናገራል፤ ሌላው ጎኑ የጎጃምን ቆዳ ፋቂ እጅ። ይህን ቆዳ ቀድዶ በአዲስ ሰደፍ የሚተካ ሰው ታሪክ እየጣለ ነው እላለሁ።

የቁጥር ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር ይመታል። ውጅግራ ላይ በርሜሉም፣ ቃታውም፣ እንጨቱም ያንኑ ቁጥር ይይዛሉ። ሁሉም ከገጠመ ጠመንጃው ሲወጣ እንደነበረ ነው ማለት ነው። ካልገጠመ ቅልቅል ነው። ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ባለፉት ዓመታት አሜሪካ ድረስ ሄደው ተሸጠዋል፤ እዚያ ያለ ሰብሳቢ ቁጥሩ የገጠመውን በውድ ይፈልጋል። ይገባኛል። በኛ አገር ግን ቅልቅሉ ራሱ ወግ አለው። በጦር ሜዳ የአንዱ ቃታ ሲሰበር ከወደቀው ጠመንጃ ተነቅሎ ይገባል። ያ ሰው ስለ ቁጥር አላሰበም፤ ስለ ነገ ውሎው ነው ያሰበው። የጎደለውን ከሌላ ማሟላት ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ አሮጌውን ቁጥር ሞርዶ አዲስ መምታት ነው። ያ ማጭበርበር ነው።

ቅልቅሉን መተኮስ ሌላ ነገር ነው። ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ቃታ ጥይቱን ከኋላ በልኩ ላይደግፈው ይችላል፤ ያን ጊዜ ቀለሁ ይቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። የተሟላው ለግድግዳና ለልጅ ልጅ እንጂ ለተኩስ አይሁን።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም መጠገንም ክልክል ነው። ጠመንጃው ያረጀ ነው፣ የአባቴ ነው ማለት ከፈቃድ አያድንም። መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚያም አለመጉረሱን ማየት፣ ብሎን መፍታት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የጣና ዳር ዋናው ጠላት ዝገት ነው። ክረምት ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብረትን አይምርም። ብዙ ቤት በኑግ ዘይት ይቀቡታል። እባካችሁ ተዉት። የኑግ ዘይት ሲቆይ ይደርቃል፤ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል፣ ቃታውንም ይይዘዋል። ስስ የማሽን ዘይት በጨርቅ ነክሮ ማበስ ይሻላል። የዛገውን በላምባ አርሶ ማሳደርና በለስላሳ የናስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መፋቅ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አታስጠጉት፤ ዝገቱን ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውን ማኅተምና ቁጥሩንም ይልጣል። በቆዳ ማቀፊያ ውስጥ ዘግቶ ማክረምም መጥፎ ነው፤ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ለብረቱ ያቀብለዋል።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ወረቀት ውሰዱ። የትኛው ዕቃ የቆየው፣ የትኛው ከሌላ የመጣ፣ መቼ እንደገባ፣ ጠመንጃው የማን እንደነበር ጻፉበት። ለቅሶ ላይ ሲያወጡት ያስለቀሰው የማን ስም እንደሆነም ጨምሩ። ከዚያ በክር ከማንገቻው ቀለበት ላይ እሰሩት።