«ፍሌክሲብል የሥራ ሰዓት» ምንድን ነው? (ስንደውል ትመጣላችሁ ማለት አይደለም)

ባሕር ዳር ውስጥ በየቴሌግራሙ የሚለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ አይታችኋል? «የሥራ ሰዓት፦ ፍሌክሲብል» ይላል። ደውላችሁ ስትጠይቁ «ሥራ ካለ እሑድም ትገባላችሁ፣ ማታም እንደውላለን» ይሏችኋል። ይሄ ፍሌክሲብል አይደለም። ጌታና ሎሌ ነው።

የምሠራው የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ ስለሆነ ነገሩ ያበሳጨኛል። ፍሌክሲብል የሚባለው የሥራው መጠን ሳይነካ፣ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ አንዳንዴም የት ሆኖ እንደሚሠራ ሠራተኛው ራሱ የሚመርጥበት ክፍተት ሲኖረው ነው። መራጩ ሠራተኛው ነው። ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

እቁብ አስቡ። መዋጮው ይታወቃል፣ የሚሰበሰብበት ቀንም ይታወቃል። ግን ልጁን ሊድር የተቃረበ ሰው ዕጣ ከወጣለት ጋር ተነጋግሮ ተራ ይለዋወጣል፣ ማንም አይጎዳም። የእቁቡ ዳኛ ባሰኘው ሌሊት በር እያንኳኳ «ብር አምጡ» ካለ ግን እቁቡ ፈረሰ። በቢሮ መዋጮው 8 ሰዓቱ ነው። የመሰብሰቢያው ቀን ደግሞ ሁሉም መገኘት ያለበት ሰዓት ነው፣ ለምሳሌ ከ4 እስከ 9። ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ተራ መለዋወጫ ነው። እቁብ በልቶ የሚጠፋም አለ፣ አውቃለሁ። እሱን በዋስ ይይዙታል፤ ቢሮ ውስጥም ሠራተኛው በሥራ ውጤቱ ይያዛል።

አንድ ሰው «ይሄማ ለሰነፍ በር መክፈት ነው» ብሎ ጽፎልኛል። ወንድሜ፣ ሰነፍ 2:30 ላይ አሻራውን አድርጎ ሻይ ቤት ይሄዳል፣ ማሽኑም ምስጉን ሠራተኛ ብሎ ይመዘግበዋል። ደግሞ አሠራሩ ለሠራተኛ በማዘን ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ሙኒክ አጠገብ ያለ የአውሮፕላን ፋብሪካ የጀመረው ሁሉም ባንድ ሰዓት ሲገባ መንገዱ እየተዘጋ ስላስቸገረው ነው።

ዘንዘልማ የምትኖር፣ አባይን ተሻግራ መሃል ከተማ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ እንበል። ቢሮዋ ከ2:30 እስከ 11:30 ነው። ልጇ ከትምህርት ቤት 10:30 ይወጣል። ከ10 ሰዓት ጀምሮ የምታየው ስልኳን ነው፦ ጎረቤቷ ልጁን ወሰደችው? ታክሲ አገኙ? ኤክሴሉ ተከፍቷል፣ የምታስገባው ቁጥር ግን ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አሁን ጠዋት ባሏ ልጁን ያድርስ። እሷ 1:30 ትግባ፣ ምሳዋን በግማሽ ሰዓት ትጨርስ። 10 ሰዓት ላይ 8 ሰዓቷ ሞልቷል፣ ልጇን ራሷ ትወስዳለች። ለመሥሪያ ቤቱ የጎደለበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ያ ከ10 እስከ 11:30 ያለው የባከነ ሰዓት ቀረለት። (ቤት ሆኖ መሥራት ግን ልጅ መጠበቂያ አይደለም። የሦስት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት ሒሳብ የሚዘጋ ሰው እስካሁን አላየሁም።)

ስለ ሕጉ ሳልጠየቅ ልናገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። የሥራው ጠባይ ካስገደደ አንዱን ቀን አሳጥሮ ለሌሎቹ ቀናት ማካፈል ይፈቀዳል፣ ግን በቀን ከ2 ሰዓት በላይ አይጨመርም። ያ «ማታም እንደውላለን» የሚባለው ትርፍ ሰዓት ነው፣ ትርፍ ሰዓት ደግሞ ይከፈልበታል፦ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በበዓል 2.5። አንዳንዱ አሠሪ ፍሌክሲብልን የሚወዳት ይሄን ሒሳብ ስለምትሸፍንለት ይመስለኛል። የሥራ መሪ ከሆናችሁ ግን አዋጁ አይመለከታችሁም፤ የእናንተን የሚወስነው ውላችሁ ነው።

ለሁሉም ሥራ አይሆንም፣ እሱም እውነት ነው። ጣና ዳር ያለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ የምትሠራ ልጅ «10 ሰዓት ልውጣ» ብትል እንግዳውን ማን ይቀበለዋል? ለሷ የሚቻለው የፈረቃ ፕሮግራሙ ቀደም ብሎ እንዲለጠፍላትና ከጓደኛዋ ጋር መቀያየር እንዲፈቀድላት ነው። ብቻ ሲቀያየሩ ሁለቱም ይፈርሙ። በቃል ተቀያይረው አንዷ የቀረች ቀን፣ ማን ነበር ተረኛው እያሉ ማጣራቱ ለኔ ነው የሚተርፈው።