ትሱባ ምንድን ነው? እውነተኛነቱስ በምን ይታወቃል?

ትሱባ በጃፓን ሰይፍ ላይ በስለቱና በእጀታው መካከል የሚገባ፣ የባለሰይፉ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት የሚያግድና ለሰይፉም ሚዛን የሚሰጥ ጠፍጣፋ የብረት ወይም የሌላ ማዕድን መከለያ ነው። ብዙውን ጊዜ ወርዱ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ይሁን እንጂ፣ የጃፓን ብረት ቀጥቃጮችና አንጥረኞች ለብዙ መቶ ዓመታት ሙያቸውን ያፈሰሱት በዚህ ጠባብ ገጽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የሜጂ መንግሥት ከጥቂቶች በቀር ማንም ሰይፍ ታጥቆ እንዳይወጣ በአዋጅ ሲከለክል ግን እጅግ ብዙ ትሱባዎች ከሰይፋቸው ተለይተው ለብቻቸው ይሸጡ ጀመር፤ ብዙዎቹም ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኝ ትሱባ በአብዛኛው ሰይፉንም እጀታውንም ያጣ በመሆኑ፣ ስለ ዕድሜውና ስለ ሠሪው የሚመሰክርለት የራሱ ገላ ነው።

«እውነተኛ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያስተውለው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዕቃው በእጅ የተሠራ ነው ወይስ ከሌላ ትሱባ ላይ በቅርጽ ማውጫ የተቀዳ? በሰይፍ ላይ ውሎ ያውቃል? የተቀረጸበት ስምስ የሠሪው ነው? የሦስቱ መልስ የግድ አንድ አይሆንም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጥሩ እጅ ተሠርቶ በሰይፍ ላይ የኖረ ትሱባ፣ ኋላ ሌላ ሰው ዋጋ እንዲያወጣለት ብሎ የታዋቂ ባለሙያ ስም ቀርጾበት ሊገኝ ይችላል፤ ሥራው እውነተኛ ሲሆን ስሙ ሐሰት ነው። በአንጻሩ ከአዋጁ በኋላ ለውጭ አገር ሸማቾች የተሠሩ፣ ሰይፍ ነክተው የማያውቁ፣ ነገር ግን ከፍ ያለ ሙያ የሚታይባቸው ሥራዎች አሉ። የዚያ ዘመን አንጥረኞች ሥራቸው ቢቋረጥም እጃቸው አልተቋረጠም፤ ከመካከላቸው ካኖ ናትሱኦ (1828–1898) ለአዲሱ መንግሥት ሳንቲሞች ንድፍ እስከ ማውጣት ደርሷል።

ምርመራው ከመካከለኛው ቀዳዳ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ። የገዢ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በወርቅ በተለበጠው ዘንዶ ወይም በተቀረጸው ስም ላይ ነው፤ አስመሳዩም ይህን ስለሚያውቅ የሚደክመው እዚያው ላይ ነው። ናካጎ አና የሚባለው ይህ ቀዳዳ የስለቱ ጭራ ወደ እጀታው የሚያልፍበት፣ አንደኛው ጫፉ ሾል፣ ሌላው ሰፋ ያለ ክፍተት ነው። አንድ ትሱባ በዕድሜው ከአንዱ ሰይፍ ወደ ሌላው ይዛወር ስለነበር ቀዳዳው በየጊዜው ይስተካከል ነበር፤ ለወፍራም ጭራ በሞረድ ይሰፋል፤ ለቀጭን ጭራ ደግሞ ሴኪጋኔ የሚባሉ የመዳብ ቁራጮች ከላይና ከታች ይገቡበታል፣ ወይም ዙሪያው በመሮ እየተመታ ብረቱ ወደ ውስጥ እንዲገፋ ይደረጋል። እነዚህን ምቶች በማጉያ መነጽር ቀረብ ብሎ ማየት ብዙ ያስተምራል። በመሮ የተመታ ብረት ከጎኑ ያለውን አካል ገፍቶ በትንሹ ያሳብጠዋል፤ የጎድጓዳው ጠርዝም ጥርት ያለ ነው። ከሌላ ትሱባ ላይ አብሮ የተቀዳ የምት ምልክት ግን ግርጌው የደፈነ፣ ጠርዙም የሟሟ ይመስላል፤ የተገፋ ብረት አይታይበትም። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሞላላ ሥፍራ ደግሞ ሴፓ የሚባሉት ስስ የመዳብ ሳህኖች ከሁለቱም ገጽ ተጭነውት የቆየ ስለሆነ፣ ቀለሙ ከቀረው ገጽ ሲለይ ትሱባው በሰይፍ ላይ መኖሩን ያመለክታል።

በብዙ ትሱባዎች ላይ ከዋናው ቀዳዳ ግራና ቀኝ ተጨማሪ ክፍተቶች አሉ። ትሱባው በእጀታው በኩል ባለው ገጹ ሲታይና የናካጎ አና ሹል ጫፍ ወደ ላይ ሲሆን፣ ኮዙካ ለተባለችው የትንሽ ቢላ እጀታ የተበጀው ግማሽ ጨረቃ መሰል ክፍተት በግራ፣ ኮጋይ ለተባለው ዘንግ የተበጀው ደግሞ በቀኝ ይውላል። ይህ ተገላብጦ ከተገኘ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ብረት ራሱን የሚያጋልጠው በተበሳው ጌጥ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው። በእጅ የተሠራው በመጋዝና በሞረድ የተበሳ በመሆኑ ግድግዳው የሞረድ ጭረት ይይዛል፤ የፈሰሰው ግን ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተጋጠሙበት ስስ መስመር፣ አንዳንዴም አየር የተወው ጥቃቅን ቀዳዳ ይታይበታል። በአንዳንድ የቆዩ ትሱባዎች ጠርዝ ላይ ቴኮትሱ የሚባሉ፣ ከቀረው ብረት ይልቅ ጠንካራ በመሆናቸው ጎላ ብለው የወጡ እብጠቶች አሉ፤ ሰብሳቢዎች አብዝተው የሚወዷቸው የቀጥቃጩ መዶሻ ያለፈበትን ብረት ስለሚያሳዩ ነው። ትሱባውን በክር አንጠልጥለው በእንጨት መታ እያደረጉ ድምፁን የሚያዳምጡም አሉ። በደንብ የተቀጠቀጠ ብረት ጥርት ብሎ ይደውላል መባሉ መሠረት አለው፤ ሆኖም ውፍረቱ፣ የተበሳው ጌጥና የተለበጠው ማዕድን ሁሉ ድምፁን ስለሚለውጡት ይህን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም።

ከብረት ሌላ ባሉት ማዕድናት ዘንድ ዋናው ሻኩዶ ነው። ሻኩዶ መዳብ በጥቂት ወርቅ ተደባልቆ፣ በልዩ ውሕድ ውስጥ ተቀቅሎ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ የሚያደላ ጥልቅ ጥቁረት የሚያወጣ ማዕድን ነው። ጥቁረቱ የተቀባ ቀለም ሳይሆን የማዕድኑ የራሱ ቆዳ ነው፤ ስለዚህ ጥቁሩ የተላጠበት ሥፍራ ቢጫ ናስ ካሳየ ጉዳዩ አልቋል። የጎቶ ቤተሰብ፣ ከመሥራቹ ከጎቶ ዩጆ (1440–1512) ጀምሮ ለትውልዶች የአገሪቱን መሪዎች ያገለገለው ቤት፣ ስሙን የተከለው በዚህ ማዕድን ነው። መደቡን ናናኮ በሚባል ሥራ ይሸፍኑታል፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በረድፍ በረድፍ የተደረደረ የጤፍ ፍሬ ይመስላል። እያንዳንዷ ነጥብ አፉ ጎድጎድ ባለ መሮ ለየብቻ የተመታች ናት። በተቀዳ ሥራ ላይ ነጥቦቹ እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ በተለይ ከጌጡ ሥር የሚገቡበት ሥፍራ ላይ ረድፉ ይፈርሳል።

ስም በመጨረሻ ይታያል። ኖቡኢዬና ካኔኢዬ የሚሉ የዝነኛ ትሱባ ሠሪዎች ስሞች ከዘመናት በፊት ጀምሮ በሌሎች እጅ ሲቀረጹ የኖሩት ስለተከበሩ ነው፤ የሂኮኔ ከተማው ሠሪ የሶቴን ስምም ከእሱ እጅ ባልወጡ እጅግ ብዙ ሥራዎች ላይ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ የጎቶ ሠሪዎች በአንጻሩ በአብዛኛው ስማቸውን አልጻፉም፤ ሥራው የማን እንደሆነ የመሰከሩት ኋላ የመጡት የቤቱ አለቆች ናቸው። ስም ያለበት ከስም የለሹ ይበልጣል ብሎ ማሰብ ስለዚህ ትልቅ ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን ሰይፍ ጥበብ ጥበቃ ማኅበር ዕቃውን በባለሙያዎች አስመርምሮ ሆዞን፣ ቶኩቤትሱ ሆዞን፣ ጁዮ እና ቶኩቤትሱ ጁዮ በሚባሉ አራት ደረጃዎች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቱ ክብደት ያለው ማስረጃ ነው፤ ገዢው ግን በወረቀቱ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ከዕቃው ጋር ምልክት በምልክት፣ በተለይም በናካጎ አና ዙሪያ ያሉትን ምቶች አንድ በአንድ ማስተያየት ይኖርበታል።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ትሱባውን በአሸዋ ወረቀት፣ በአሲድ ወይም በማንኛውም ማጽጃ መንካት ፈጽሞ አይገባም። የብረቱ ጥቁር ቡናማ ቆዳ፣ የሴፓው ጥላና የሻኩዶው ጥቁረት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተፈግፍገው ሊጠፉ ይችላሉ፤ ከጠፉም ስለ ዕድሜውና ሰይፍ ላይ ስለ መዋሉ ከሚመሰክሩት ምልክቶች ብዙው አብሮ ይጠፋል። ብርቱካናማ ዝገት ከታየ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ደጋግሞ በቀስታ ማሸት ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ለሠለጠነ እጅ ይተዋል።