«ጉራማይሌ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ በስልክ «ሚቲንጉን ካንስል አድርገውታል» አለች። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ኧረ ምን ዓይነት ጉራማይሌ ነው!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃሉ ስድብ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም።

ጉራማይሌ የማይመሳሰሉ ነገሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ የምንጠራበት ስም ነው። ከድድ ንቅሳት ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ድድ ሙሉ በሙሉ ሲጠቁር አንድ ነገር ነው። አንዱ ቦታ ተነቅሶ ቀጣዩ እንደ ተፈጥሮው ሲተው፣ ጥቁሩና ቀዩ ሲፈራረቅ ግን ጉራማይሌ ይባላል። ለውበት የሚደረግ ነው! ይህን ምስል በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም የቃሉን ትርጉም በአንድ ፈገግታ ያሳያል።

ከ«ድብልቅ» የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በርበሬና ቅመም አንድ ላይ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል? ያ ድብልቅ ነው። በጉራማይሌ ግን እያንዳንዱ መልኩን እንደያዘ ይታያል። «ዥንጉርጉር» ደግሞ በአብዛኛው ለቀለም ነው፤ የነብርን ቆዳ ያስታውሳል።

ታዲያ የውጭ ቃል ያለበት ንግግር ሁሉ ጉራማይሌ ነው? በእኔ እምነት አይደለም። «ፒያሳ» ራሱ ጣልያንኛ ነው፣ ትርጉሙም አደባባይ። «ማኪያቶ»ም ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ሁለቱም አማርኛ ውስጥ ቤታቸውን ሠርተዋል። «ካንስል አድርገውታል» ግን ጆሮ ላይ ይለያል፤ «ሰርዘውታል» የሚል ቃል እያለን ነዋ።