ግራን ክሩ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ባለፈው ፋሲካ የአክስቴ ልጅ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ መጣች። ከኦንላይን ሻጭ ያዘዘችው ነው። ስልኳን አውጥታ ገጹን አሳየችኝ። 42 ዩሮ ይልና በላዩ ላይ ተሰርዞበታል። ከጎኑ በቀይ 17 ዩሮ ተጽፏል። «ግራን ክሩ በ17 ዩሮ! እስቲ ይሄ የት ይገኛል?» አለችኝ። በዓል ነውና ዝም ብዬ ቡሹን ሳብኩት። ጠርሙሱን ግን አገላብጬ አየሁት። ሌብሉ ላይ የሻቶው፣ ማለትም ወይኑን ያመረተው እርሻ፣ ስምና «ሳንት ኤሚሊዮን ግራን ክሩ» የሚል አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ወይኑ መጥፎ አልነበረም። ልክ የ17 ዩሮ ወይን ነበር። 42 ዩሮ ያወጣበት ቀን አለ ብዬ ግን አላምንም።

«ማን ነው ይህን የነገረሽ?» ስላት አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። አየሁት። አንድ ወንድማችን ስለ ፈረንሳይ ወይን በአማርኛ ያስረዳል። ማስረዳቱ ደስ ይላል። ግን ግራን ክሩን የፈረንሳይ መንግሥት «አንደኛ» ብሎ ማኅተም የመታበት ወይን አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ቃሉን ካያችሁ ሳታቅማሙ ግዙ ይላል። ሊዮን ውስጥ በምሠራበት የወይን ሱቅም ይህንኑ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ከሐበሻውም፣ ከፈረንሳዩም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚከስረው በዚህች ቃል ስለሆነ ዛሬ ስለ እሷ ብቻ ልጻፍ።

«ክሩ» በግርድፉ «የበቀለ» ማለት ነው። «ግራን» ደግሞ ትልቅ። ቃሉ ይህን ያህል ነው። ደረጃ የሚሆነው አንድ ሰው ሲመዝነውና «ይህ ይበልጣል» ሲል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ግራን ክሩ ነው ወይስ አይደለም አይደለም። የተመዘነው ምኑ ነው? ይህን ነው መጠየቅ ያለብን።

ነገሩን በጤፍ ላስረዳ። አንድ ነጋዴ የአድአ ጤፍ አመጣና ጆንያው ላይ «ምርጥ» ብሎ ጻፈ እንበል። ምርጥ የተባለው ምኑ ነው? ማሳው ነው? ያመረተው አባወራ ነው? ወይስ ጤፉ ተነፍቶ ግርዱ መውጣቱ ነው? ሦስቱም ጥሩ ነገሮች ናቸው። ግን አንድ አይደሉም፤ ዋጋቸውም አንድ ሊሆን አይችልም። ፈረንሳይ ውስጥ ሦስቱም «ግራን ክሩ» ይባላሉ።

ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን ክልል የተመዘነው ማሳው ነው። ኮት ዶር የሚባለው ረጅም ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ አፈሩ ስስ ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ ከባድና ውሃ የሚይዝ ነው። ግራን ክሩ የተባሉት ማሳዎች በአብዛኛው ወገቡ ላይ ናቸው፤ ውሃው ይወርዳል፣ ፀሐዩ በደንብ ያገኛቸዋል። በመላው ቡርጎኝ ግራን ክሩ የሚባሉት ስሞች 33 ናቸው። ምርታቸው ከክልሉ ወይን ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በ17 ዩሮ የቡርጎኝ ቀይ ግራን ክሩ የለም። በ40ም የለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳልጠየቅ። ማሳው ምርጥ ነው ማለት ጤፉ ምርጥ ነው ማለት አይደለም። ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው ግራን ክሩ 50 ሄክታር ያህል ነው። ባለቤቶቹ ግን 80 ገደማ ናቸው። አንዱ አራሚ ነው፣ አንዱ ሰነፍ ነው። ሁሉም ግን ያንኑ ስም ይጽፋል። ሌላም አለ። «ሻምበርታን» ብቻ የሚል ሌብል ግራን ክሩ ነው። «ዠቭሬ ሻምበርታን» የሚለው ደግሞ የመንደሩ ወይን ነው። መንደሩ እ.ኤ.አ. በ1847 የዝነኛውን ማሳ ስም ከራሱ ስም ጋር አጣምሮ ያዘው። ኦንላይን ላይ ሁለቱን ቀላቅሎ የሚያቀርብ ሻጭ ሞልቷል።

ወደ ሌላው የወይን ክልል፣ ወደ ቦርዶ እንሂድ። እዚያ ሜዶክ በሚባለው አካባቢ የተመዘነው አባወራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1855፣ እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ ፓሪስ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። ለዚያ ተብሎ የቦርዶ የወይን ደላሎች ሻቶዎቹን በአምስት ደረጃ አስቀመጡ። ማሳ አልለኩም። ገበያ ላይ ማን ስንት እንደሚያወጣ ነው ያዩት። ዝርዝሩ ከሞላ ጎደል እስከ ዛሬ አልተነካም። ትልቁ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ማለፉ ነው። ደረጃው የሻቶው ስለሆነ፣ ሻቶው በዚያው አፔላሲዮን (ስሙና ደንቡ በሕግ በተወሰነ የወይን አካባቢ) ውስጥ የጎረቤቱን ማሳ ቢገዛ የዚያ ማሳ ወይን በእሱ ስም ይወጣል። በጤፉ ብናየው፣ ስመ ጥሩ አባወራ የጎረቤቱን እርሻ ገዝቶ ምርቱን በራሱ ጆንያ እንደመክተት ነው። እነዚህ ወይኖች ሌብላቸው ላይ «ግራን ክሩ ክላሴ» ይላሉ። ብዙዎቹ 1855ንም ይጽፋሉ። «ክላሴ»፣ ማለትም ደረጃ የተሰጠው፣ የምትለውን ቃል ያዙልኝ።

አሁን የአክስቴ ልጅ ጠርሙስ ላይ ደረስን። ሳንት ኤሚሊዮን እዚያው ቦርዶ ውስጥ፣ ከዶርዶኝ ወንዝ በስተ ሰሜን ያለ አካባቢ ነው። ዋናው ፍሬው ሜርሎ የሚባለው የወይን ዝርያ ነው። የዝዋዩን የስምጥ ሸለቆ ሜርሎ የቀመሰ ሰው ፍሬውን ያውቀዋል። ሳንት ኤሚሊዮን ላይ «ግራን ክሩ» ብቻውን ሲጻፍ የአፔላሲዮን ስም ነው። ደረጃ አይደለም። «ሳንት ኤሚሊዮን» እና «ሳንት ኤሚሊዮን ግራን ክሩ» የሚባሉት ያንኑ አንድ መሬት ነው የሚጋሩት። ልዩነቱ ደንብ ነው። ግራን ክሩ ለመባል ከአንድ ሄክታር የሚለቀመው ፍሬ አነስ ማለት አለበት። ወይኑም ለሽያጭ ከመውጣቱ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት አለበት። ይህን ያሟሉ አምራቾች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ጤፉ ተነፍቷል፣ ግርዱ ወጥቷል ማለት ነው። መልካም ነገር ነው። ግን ማሳውንም አባወራውንም ማንም አልመዘነም።

ወንድማችን በቪዲዮው ላይ «በሕግ የተደነገገ ነው» ብሎ ይከራከራል። ልክ ነህ፣ ወንድሜ። በሕግ የተደነገገ ነው። ግን ሕጉ ይህን ካላሟላህ ስሙን አትጠቀም ይላል እንጂ አንተ ከጎረቤትህ ትበልጣለህ አይልም። ሁለቱን ካደባለቅን 17 ዩሮ የሚያወጣውን ወይን በ42 እንገዛለን።

የተመዘኑት ሻቶዎች ዝርዝር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ተጀመረ። በአሥር ዓመት አካባቢ እንደገና ይታያል። የ2022ቱ ዝርዝር 85 ሻቶዎችን ይዟል፤ 71ዱ «ግራን ክሩ ክላሴ»፣ 14ቱ ደግሞ «ፕሬሚየ ግራን ክሩ ክላሴ» ይባላሉ። ያቺ «ክላሴ» የምትለው ቃል መጣች አይደል? እሷ ከሌለች ሻቶው በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ግን እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከበሩት ሸቫል ብላንና ኦዞን በ2021 «እኛ አንወዳደርም» ብለው ከዝርዝሩ ወጡ። አንዠሉስም ተከተላቸው። ስለዚህ ዛሬ ሸቫል ብላን በሕግ «ሳንት ኤሚሊዮን ግራን ክሩ» ብቻ ነው። ጠርሙሱ በመቶዎች ዩሮ ይሸጣል። የአክስቴ ልጅ ጠርሙስ ላይ ያለውም ያው ቃል ነው። አንድ ቃል በሁለቱም ላይ ከተጻፈ ዋጋን በእሱ መለካት እንዴት ይቻላል?

እንግዲህ ኦንላይን ስትገዙ የገጹን ርዕስ አትመኑ። ርዕሱን የሚጽፈው ሻጩ ነው። የሌብሉን ፎቶ አስፍታችሁ አንብቡ። ፎቶው ላይ ያለው የምርት ዓመት ከሚላክላችሁ ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። ብዙ ገጽ ላይ አሮጌ ፎቶ ተረስቶ ይቀራል። ለቦርዶ ዓመቱ ብዙ ለውጥ ያመጣል። 2016 እና 2019 በጣም ጥሩ ነበሩ። 2013 ብርዳማና ዝናባማ ነበር። «ግራን ቫን ደ ቦርዶ» የሚለው ጽሑፍ ደረጃ አይደለም። «ቪዬይ ቪኝ»፣ ማለትም አሮጌ ተክል፣ የሚለውም ስንት ዓመት እንደሆነ የሚወስን ሕግ የለውም።

የተሰረዘ ዋጋ ስታዩ ደግሞ የወይኑን ስምና ዓመት ገልብጣችሁ ዋይን ሰርቸር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። እዚያ የሌሎች ሻጮች ዋጋ ይወጣል። ሁሉም ጋ 17 ዩሮ ከሆነ ቅናሽ የለም። ታክሱንም እዩ። አንዳንድ ገጽ ዋጋውን ያለ ታክስ ያስቀምጣል፤ ፈረንሳይ ላይ 20 በመቶ ይጨመርበታል። መላኪያውን ደግሞ በጠርሙስ አካፍሉት። ለሁለት ጠርሙስ 12 ዩሮ መላኪያ ከከፈላችሁ እያንዳንዱ ላይ 6 ዩሮ ጨመራችሁ። ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ማዘዝ ይሻላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ወይን ቤት ድረስ ማስመጣት በየስቴቱ እንደሚለያይ አስቀድማችሁ እወቁ።

ከዚህ በኋላ የምለው የራሴ አስተያየት ነው። በጀታችሁ ከ20 ዩሮ በታች ከሆነ «ግራን ክሩ» ብላችሁ አትፈልጉ። ቃሉ ራሱ ዋጋ አለው። ለቃሉ የከፈላችሁትን ደግሞ ወይኑ ውስጥ አታገኙትም። ከሳንት ኤሚሊዮን በስተ ምሥራቅ ካስቲዮን አለ። የኖራ ድንጋዩ አምባ ድንበሩን ተሻግሮ እዚያም ይቀጥላል፤ ዋጋው ግን አይቀጥልም። በስተ ምዕራብ ፍሮንሳክ አለ። ሜዶክ ውስጥ በየአምስት ዓመቱ እንደገና የሚመዘኑት ክሩ ቡርዥዋ የሚባሉ ሻቶዎች አሉ። ከበድ ያለ ለሚወድ ደግሞ ካኦርና ማዲራን የሚባሉ የወይን አካባቢዎች አሉ።

ለእኛ ማዕድ ግን ደቡብ ሮንና ቦዦሌ ወደሚባሉት የወይን አካባቢዎች ውረዱ እላለሁ። በርበሬና ታኒን አይዋደዱም። ታኒን ያ ምላስን የሚያደርቀው፣ ብዙ የተቀቀለ ሻይ የሚመስለው ነገር ነው። ዶሮ ወጥ ላይ ጠንካራ ወጣት ቦርዶ ስትጠጡ ቃጠሎው ይብሳል፣ ወይኑም ይመርራል። የአክስቴ ልጅ ያን ቀን ሁለተኛውን ብርጭቆ ያልጨረሰችው ለዚህ ነው። ቦዦሌ የሚሠራበት ጋሜ የተባለው የወይን ዝርያ ታኒኑ ለስላሳ ነው። ከመቅረቡ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ቢገባ ደግሞ ከወጡ ጋር ይበልጥ ይስማማል። ልብ በሉ፣ እዚያም «ክሩ» የሚል ቃል አለ። በቦዦሌ ግን ክሩ የተባሉት አሥር ስሞች ብቻ ናቸው፤ ሞርጎን፣ ፍለሪ፣ ሙላን አ ቫን፣ ብሩዪ እያለ ይሄዳል። «ግራን» የሚባል ጭማሪ የለውም።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኳት። ለመስቀል ስድስት ጠርሙስ ሞርጎን አዘዘች፤ አንዱ 13 ዩሮ። ካርቶኑ የደረሰ ቀን ከፍታ ደወለችልኝ። «አታለውኛል መሰለኝ፣ ቦዦሌ የሚል የትም የለም» አለች። ፊት ለፊት ያለውን አንብቢልኝ አልኳት። «ሞርጎን» አለች። በቃ እሱ ነው፣ ሁለቱን አሁኑኑ አስተኝተሽ አስቀምጪልኝ አልኳት።